ከለላው ቀዳዳ አለው

የአሜሪካ ጠመንጃ አምራቾች ከክስ ስላላቸው የሕግ ከለላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «በአሜሪካ የጠመንጃ ፋብሪካ በጭራሽ አይከሰስም» የሚለው ግን ተጋኗል። ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረሙት ሕግ በዋናነት ከለላ የሚሰጠው ሌላ ሰው መሣሪያውን ወንጀል ሲሠራበት ነው። ጠመንጃው ራሱ ብልሽት ኖሮበት ቃታው ሳይሳብ ቢተኩስ አምራቹ ሊከሰስ ይችላል።

ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። ኩባንያው የሽያጭ ወይም የማስታወቂያ ሕግ እያወቀ ከጣሰና ጉዳቱ ከዚያ ከመጣ ከለላው አይሠራም። በኮኔቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች የገቡት በዚህ በኩል ነው። በ2012 በዚያ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ከሳሾቹ ጠመንጃው ብልሽት አለበት አላሉም። ለጦር ሜዳ የሚሆን መሣሪያ ለሲቪል ሰው የተዋወቀበት መንገድ ሕገወጥ ነው አሉ። የኮኔቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019፣ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ክሱ ይቀጥል ብሎ ወሰነ። በ2022 ደግሞ የ9 ሟቾች ቤተሰቦች በ73 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የከፈሉት ግን የጠመንጃው አምራች የሬሚንግተን ኢንሹራንሶች ናቸው። ኩባንያውማ ቀድሞ ከስሯል!

ቀዳዳው ጠባብ መሆኑን አልክድም። ሜክሲኮ የጠመንጃ አምራቹን ስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ከስሳ በ2025 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸንፋለች፤ ያውም በሙሉ ድምፅ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የልጆች መጫወቻ ሽጉጥን ይቆጣጠራል። እውነተኛውን ሽጉጥ ግን እንዳይነካ በሕግ ታግዷል። ስለዚህ ጉዳይ ጽሑፉ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ይህንንና የጠመንጃ አምራቾችን ለመክሰስ መንገድ የሚከፍተውን የኒው ዮርክን የ2021 ሕግ ብታነሱልን ደስ ይለኛል።