ለባርኔጣ የተያዘ ወንበር

ሰሞኑን አንድ ባርኔጣ ወንበር ነሳኝ።

ከሞቃቶቹ ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው። ድሮ ሸንኮራ አገዳ ያመላልስ የነበረ፣ አሁን ጎብኚ የሚጭን ትንሽዬ ባቡር። ትኬቴን ይዤ ስገባ በባሕሩ በኩል አንድ ወንበር አየሁ። ሰው የለበትም። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ግን ተቀምጦበታል። ከጎኑ የውኃ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ የፀሐይ ቅባት። ሦስቱም ተመቻችተዋል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ልጠጋ ስል ከኋላ ያለች ሴትዮ በጣቷ ባርኔጣውን አሳየችኝ። ያላየሁት መስሏት ይሆናል። ባለቤቱስ በሚል ዓይን አየኋት። በዚያው ጣቷ መጠጥ ወደሚታደልበት ፉርጎ ጠቆመችኝ።

ባለባርኔጣው መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ብቅ አለ። ባርኔጣውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ፣ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ አቀረቀረ። ባሕሩ በመስኮቱ አለፈ። ባርኔጣው ሳይሻል አይቀርም። ቢያንስ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር።

የወንበር እጥረት ነው እንዳትሉኝ። ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ኪትስ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ የሚሄደው የጎብኚዎች ባቡር ባለ ሁለት ፎቅ ነው። እያንዳንዱ ተሳፋሪ ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ ታች ቀዝቀዝ ባለው ክፍል፣ አንዱ ላይ ነፋስ በሚገኝበት ሰገነት። አንድ ሰው፣ ሁለት ወንበር! መጠጥ ይዞራል፣ ዘማሪዎች ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ያዜማሉ። እኔ ግን የሰውን ልጅ አውቀዋለሁ። ሁለት ስትሰጡት ሦስተኛውን ለቦርሳው ይፈልጋል።

መስመሩ ሲሠራ እኮ ወንበር የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። ከ1912 እስከ 1926 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሐዲዱ የተዘረጋው ከየእርሻው አገዳ ሰብስቦ ባስቴር ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ለማድረስ ነው። ጎብኚ መጫን የጀመረው በ2003 ነው። የስኳር ሥራው የቆመው ደግሞ በ2005። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ አገዳና ቱሪስት አንድ ሐዲድ ተጋርተዋል። አገዳው ለጓደኛው ቦታ ያዘ ሲባል አልሰማሁም። ተቆርጦ፣ ተደራርቦ፣ ዝም ብሎ ነው የሄደው።

ወንበር ከተነሣ የባርቤዶስን ጨዋታ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ባርቤዶስ ከ1881 እስከ 1937 ባቡር ነበራት። ዳገት ላይ ሲደክመው እንዲህ ይደረግ ነበር ይላሉ፦ አንደኛ ማዕረግ ተቀምጦ ይቆያል፣ ሁለተኛ ማዕረግ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ ሦስተኛ ማዕረግ ወርዶ ይገፋል። እውነትም ይሁን ቀልድ ደንቡ ተመችቶኛል። ዛሬ የሚመልሰው ቢገኝ መጀመሪያ የማስወርደው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፊጂ ውስጥ ደግሞ የስኳር ኩባንያው ሰው የሚጭን ባቡር ነበረው፤ ሒሳብ አይጠይቅም። በነፃ! ከፍዬበታለሁ ብሎ ደረቱን የሚነፋ አይኖርማ።

ማዳጋስካር ላይ ነገሩ ይለያል። ከፊያናራንትሷ ተነሥቶ ወደ ማናካራ ወደብ የሚወርደው 163 ኪሎ ሜትር መስመር ለጌጥ የተቀመጠ ቅርስ አይደለም። ጫካው ውስጥ ያሉ መንደሮች ሙዛቸውንና ቡናቸውን ለገበያ ሲያወጡበት የኖሩት ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሙዝ ዘለላ ባገኝ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ። ሙዙ ጉዳይ ይዞ ነው የሚሄደው።

ለነገሩ ቦታ መያዝ ዛሬ አልተጀመረም። ደሴቶቹ ራሳቸው የተያዙት እንዲሁ ነው። አንዱ በመርከብ ይመጣል፣ ባንዲራ ይተክላል፣ መጠጡን ሊጠጣ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ባላገሩ ከእንቅልፉ ሲነሣ ቦታው ተይዟል። ሐዲዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኩባን እዩ። ከሃቫና ወደ ቤሁካል ባቡር የሄደው በ1837 ነው። ገዢዋ ስፔን በገዛ ምድሯ ባቡር ያየችው በ1848 ነው፣ ከባርሴሎና ወደ ማታሮ። ተገዢው ገዢውን 11 ዓመት ቀደመ። ለኩባ ሰው አዝነው እንዳይመስላችሁ። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ሰው ግን ቢዘገይ አይኮመጥጥም፣ ስለዚህ ይጠብቅ።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜ ይነሣብኛል። እኔ የተጣላሁት በየባቡር ሙዚየሙ በር ላይ ከሚሰቀለው ሰሌዳ ጋር ነው። «ይህን መስመር እገሌ ሠራው» ይላል። ሠራው? ዶማ ይዞ? ሃዋይ ውስጥ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ በ1889 ሥራ የጀመረውን ባቡር ቤንጃሚን ዲሊንግሃም ሠራው ይባላል። ሰውየው ገንዘብ አፈላልጓል፣ ደጅ ጠንቶ ፈቃድ አስወጥቷል። አልክድም። ሐዲድ ተሸክሞ ማን አየው? የኩባውን መስመር ያነጠፉት ባሮች፣ ከካናሪ ደሴቶችና ከአየርላንድ የመጡ ጉልበት ሠራተኞች ናቸው። የማዳጋስካሩን ከ1926 እስከ 1936 የሠሩት የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ በግዳጅ ያሰማራቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። ስማቸውን ሰሌዳ ላይ ፈልጉ እስኪ!

የብረቱ ስም ግን አይጠፋም። የሠራው ፋብሪካ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቁጥሩ ሳይቀር በነሐስ ተቀርጾ ጎኑ ላይ ይለጠፋል። እዚያው ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ «ፓውሎ» የምትባል የአገዳ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የምትጎትት ሞተር፣ አለች። በ1887 ጀርመን አገር፣ ዱሰልዶርፍ እንደተሠራች ማንም ይነግራችኋል። ከኋላዋ ያለውን ፉርጎ አገዳ ሲሞላ የዋለው ሰው ማን ይባል ነበር ብትሉ አስጎብኚው ሰዓቱን ያያል። ይሄ ያናድደኛል። ከባርኔጣው በላይ ያናድደኛል።

ወደምወደው ተረት ልለፍ ባይሆን። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ይላል የአገሬ ሰው። ሰውየውን አስቡት። ሌባው እንዳይታይ ጎንበስ ብሏል፣ ግመሉ ቀና ብሎ አገር ያያል። የቅርስ ባቡር ላይም ይሄ ሌባ አለ። ፊት ላይ ያለው በእንፋሎት የሚሠራ ሽማግሌ ጭሱን ይለቃል፣ ፉጨቱን ያሰማል፣ ፎቶ ይነሣል። ወረድ ብላችሁ ጅራቱን ስታዩ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አጎንብሶ እየገፋ ነው። ሁሉም መስመር እንዲህ ነው አላልኩም። ያለበት ግን አለ።

ማዊ በምትባለው የሃዋይ ደሴት ላይ ደግሞ እስከ 2014 ድረስ «የሸንኮራ አገዳ ባቡር» ተብሎ የሚጠራ ባቡር ጎብኚ ያመላልስ ነበር። ሁለቱ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹ በ1943 የተሠሩ ናቸው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በአሜሪካ ዋና ምድር የኖራ ድንጋይ ሲጎትቱ ነው። ከአገዳ ጋር ትውውቅ የላቸውም። መልካቸው ተለውጦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አዛውንት እንዲመስሉ ተደረጉ። ይሄን ስሰማ ልናደድ ፈልጌ አቃተኝ። ሰው ሁሉ ዕድሜውን ለመቀነስ ሲደክም ዕድሜ ተጨምሮለት የሚያምርበት መገኘቱ ደስ ይላል።

የማያጎነብስ ካማራችሁ ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ አምባራዋ ሂዱ። ከጃምቡ ወደ ቤዶኖ የሚወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ፣ ጥርስ ያለው ሐዲድ ተጋድሟል። ሎኮሞቲቩ ከሆዱ ሥር ባለ ጥርሳም ጎማ እሱን እየነከሰ ይወጣል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ከፊት ተፈትቶ ወደ ኋላ ይዞርና ፉርጎዎቹን ከታች ይገፋል። ማያያዣው ቢበጠስ ሕዝቡ ቁልቁል እንዳይንደረደር ነው። በግልጽ፣ ሁሉ እያየው! ማገዶው እንጨት ነው። ሩጫ የሚወድ ልጅ ይቀድመዋል፣ እሱም ግድ የለውም። እዚያው ጃቫ የስኳር ፋብሪካዎች ሎኮሞቲቮች ጭማቂው የወጣለትን የአገዳ ገለባ ያነዱ ነበር። ጭነቱን እየበላ የሚሄድ ባቡር ነው እንግዲህ።

ታይዋን ላይ አሊሻን ተራራ የሚወጣው ባቡር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መንገዱን በ1912 የከፈቱት ጃፓኖች ናቸው፣ የተራራውን ትልልቅ ዛፍ ለማውረድ። ከባሕር ወለል 30 ሜትር ላይ ተነሥቶ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ከአሜሪካ፣ ከኦሃዮ የመጡት አሮጌ ሎኮሞቲቮች ፒስተኖቻቸው ቀጥ ብለው የቆሙት በቀኝ ጎናቸው ብቻ ነው። እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ውኃ የሚፈላበት ጋን፣ ቦይለሩ፣ ለእነሱ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ግራ ፈቀቅ ብሏል። ብረት እንኳ ለጎረቤቱ ፈቀቅ ይላል፣ ያውም ሳይጠየቅ። በ2009 አውሎ ነፋስ መስመሩን ቆራርጦት እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተው በ2024 ነው። የአገሩ ሰው ይሄን ሁሉ ዓመት ጠበቀ። እኛ መጠጥ ቀድተን እስክንመለስ ወንበራችን ይወሰድብናል ብለን እንጨነቃለን።

ለካ ስለ ወንበር ነበር የጀመርኩት። እሺ፣ ባጭሩ፦ ባርኔጣ ወንበር ከፈለገ እንደ ማንኛችንም ትኬት ይቁረጥ። ጠርሙስ የሕፃን ሒሳብ ይክፈል። ቅባቱን ባለቤቱ ኪሱ ይክተት። ይሄ እንደማይሆን ስለማውቅ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ካጋጠማችሁ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ውስጥ ግቡ። ጥቀርሻ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ፍንጣሪ ሸሚዝ ይበሳል፣ ነጭ ለብሶ የመጣ ጥቁር ለብሶ ይወርዳል። ቦታ ግን ሞልቷል።