ለክቡር ጉድጓድ፣ ሜክሲኮ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ

ጉዳዩ፦ ስለ ኮንክሪት የሚናፈሰውን ወሬ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ሰኔ ሲገባ እዚህ ግባ የማይባሉ ስንጥቅ ነበሩ፤ ነሐሴ ላይ ሚኒባሱ ሁሉ እየሰገደልዎት ያልፋል። የሠፈሩ ጎሚስታ ልጆቹን ያስተማረው በእርስዎ ነው ይባላል፤ ባሌስትራ ሻጩም ምርቃቱን አይነፍግዎትም።

አስተዳደግዎን መቼም አይረሱትም። አስፋልቱ ተሰነጠቀ፣ ውሃ ገባ፤ ጎማ ባለፈበት ቁጥር ውሃው እየተጨመቀ ሬንጁን ከጠጠሩ አላቀቀው፣ ከሥር ያለው አፈር ላመ፣ እርስዎም ተወለዱ። ከቆሙት ታክሲዎች የሚንጠባጠበው ናፍጣ ሬንጁን እያሟሟ ውለታ ውሎልዎታል። በየዓመቱ ገረጋንቲ ያጎርሱዎታል፤ ዝናቡ ሲጥል መልሰው ይተፉታል። (ቱቦውን በፌስታል የደፈንነው እኛው ስለሆንን በዚህ በኩል ምስጋና አንፈልግም።)

አሁን ታዲያ «መንገዱ ኮንክሪት ይሁን» የሚሉ ተነሥተዋል። ኮንክሪት ግትር ስለሆነ የመኪናውን ክብደት ሰፋ አድርጎ ለሥሩ ያከፋፍለዋል፤ ናፍጣም አያሟሟውም። ሲነጠፍ ቢወደድም፣ በወጉ ከተሠራ 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። ቤሌፎንቴይን የምትባለው የኦሃዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1891 ኮንክሪት ማንጠፍ ስትጀምር አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና 5 ዓመቷ ነበር፤ የዚያ ዘመን ንጣፍ ከፊሉ ዛሬም አለ። ይህን ሰምተው እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድብዎትም።

ግን አይስጉ። ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርጥበት ሳይለየው መሰንበት ይፈልጋል፤ ጥንካሬውም እንደ ደንቡ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እዚህ ሠፈር ደግሞ የመከለያው ገመድ ሌሊቱን አያድርም፤ ወያላው ከፍ ያደርገዋል፣ ሹፌሩ ሾልኮ ያልፋል፣ ተሳፋሪው «ጎበዝ!» ይላል። እኔም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነኝ። ያን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ፣ በየመገጣጠሚያው ያለው ማሸጊያ በየጊዜው ካልታደሰ ውሃ ይሰርግና ሥሩን ያጥበዋል፣ የንጣፉ ጥግ ይሰበራል። ማደስ ደግሞ ሪባን የለው፣ ፎቶ የለው፤ ማን ብሎ!

ከሁሉ በላይ ግን የልብ ወዳጅዎ አለ። መንገዱ በተመረቀ ማግስት ቧንቧ ወይም ኬብል መቅበር ትዝ የሚለው አይታጣም። አስፋልት ሲቆርጥ የኖረ እጅ ኮንክሪት አይፈራም፤ ሥራውን ሲጨርስም የቆረጠውን የሚደፍነው በዚያው በገረጋንቲ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አሞርዛተሩን ያስረከበዎት ደንበኛዎ