ጸሎቱ በግቢ ጉባኤ፣ በሽተኛው በዋርድ

ጎንደር ውስጥ አንዲት ልጅ «ነርሲንግ ደረሰኝ» ብላ ስትደውል ቤት ውስጥ ትንሽ ዝም ይባላል። የተጠበቀው ሕክምና ነበር። ከዚያ እናት ወይ አክስት ቀድማ «የጽድቅ ሥራ እኮ ነው፣ ልጄ» ትላለች። ማጽናኛ መሆኑ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። የጽድቅ ሥራ ከሆነ ማጽናኛ ምን አስፈለገው?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳለች ለንደን ውስጥ የተማረችው ነርስነት ነው። ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥናለች። የንጉሥ ልጅ ሆና ማንም «አይዞሽ» ሊላት አይገባም ነበር።

ውጭ አገር ነርሲንግን ከክርስትና እምነት ጋር አያይዘው በዲግሪ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ። አናቶሚውም ጸሎቱም በአንድ ግቢ ነው። ይህን የሰሙ ልጆች «እኛስ ጋ ለምን አይከፈትም?» ይላሉ። በበኩሌ ለጎንደር የጎደላት እሱ አይመስለኝም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ይሁን፤ እኔም እስማማለሁ። የሚያምን ተማሪ ግን ሞልቷል። ማታ ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ ወደሚባለው የተማሪዎች የጸሎትና የትምህርት ጉባኤ ይሄዳል፤ ጠዋት ጋዋን ለብሶ ዋርድ ይገባል። ማታ የተማረው ጠዋት ከሚሠራው ጋር የሚገናኝበትን የሚያሳየው ሰው የለም። የጎደለው ይሄ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኢንሱሊን የምትወጋ እናት አለች እንበል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ጠዋት መርፌዋን ትወጋለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን እህል አትቀምስም። ስኳሯ ይወርዳል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ራሷን ትስታለች። ተሸክመው ያመጧታል፣ ግሉኮስ ይሰጣታል፣ ትነቃለች። ቻርቷ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። ምክሩ ምን ነበር? «እማማ፣ ከእንግዲህ እንዳይጾሙ!» እሳቸውም «እሺ፣ ልጄ» ይላሉ። እሺታው ለሲስተሯ አክብሮት ነው እንጂ ሐሳብ መለወጥ አይደለም። ቤታቸው ሲገቡ ይጾማሉ።

ሥርዓቱን የምታውቅ ነርስ የምትጠይቀው ሌላ ነው። «የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው? ስልካቸው አለ?» ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹም ብላ አታስገድድም። ይህን ግን ከአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሰሙትና ከአባ አንደበት ሲሰሙት አንድ አይደለም። በጸበሉም እንዲሁ ነው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን የምታውቅ ነርስ ጸበል ሊሄድ የተነሣን ሰው አትከለክልም፤ ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ ታደርጋለች። እንግዲህ እዚህ ላይ እምነትን ማወቅ የሙያ እውቀት ሆነ ማለት ነው።

ሌላው አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወይ ሁመራ የወረደ ወጣት በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይዞት ጎንደር ይመጣል። ጣፊያው አብጧል፣ ከስቷል፣ ዘመድ አልተከተለውም። ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፤ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን። መርፌው ያማል። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው ማነው? በሙያው መጽሐፍ የነርስ ሥራ ነው፤ እኛ ጋ ግን በልማድ ለአስታማሚ ተትቷል። ተማሪውም የሠራውን የሚያስመዘግብበትን ሎግ ቡክ የሚሞላለት ፕሮሲጀር ወዳለበት አልጋ ይሮጣል። አይፈረድበትም፤ ማርክ የሚያዘው እዚያ ነው። ገላ በማጠብ ማን ማርክ ያገኛል?

«ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን የማቴዎስ 25 ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እንደ ጉብኝት ነው የወሰድነው፤ ብርቱካን ይዞ ሄዶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መመለስ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማያውቁትን ሰው አንሶላ መቀየር ግን በስብከቱ ብዙም አይገባም። ቅዱስ ባስልዮስን አስቡት። በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ እንቀድሳለን። በአራተኛው መቶ ዘመን ቂሳርያ ላይ ለሕሙማንና ለድሆች ማረፊያ ማሠራቱን ግን ስንቱ ልጅ ሰምቷል?

ይህን ስል ዋርድ ውስጥ ይሰበክ ማለቴ አይደለም። ፈጽሞ! በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ስብከት አልፈልግም ብሎ ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ከጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር የመጣ ሙስሊም አባትም እዚያው ዋርድ ተኝቷል። ለእሱ ውዱእ የሚያደርግበት ውኃ ማቅረብ ከየትኛውም ስብከት ይበልጣል።

ደግሞ «ጽድቅ ነው» እየተባለ ደመወዝ እንዳይረሳ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ «አምላክን የሚፈራ በሽተኛ ትቶ አይወጣም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምላክን መፍራት ማራኪ ሰፈር ላይ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ዲዩቲ አድሮ ክፍያው ለወራት የሚጎተትበት ሰው መቆጣቱ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ይህች ከተማ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት ደምቢያን የጨረሰው ወባ ገና ከአእምሮ አልወጣም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች መካከል የማኅበረሰብ ነርሶች ነበሩ፤ ሆስፒታል ተቀምጠው የሚጠብቁ ሳይሆን ቤት ለቤት የሚሄዱ። ቲቲፒ እየተባለ ተማሪው በቡድን ገጠር የሚወጣበት ሥልጠናም የመጣው ከዚሁ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ግቢ ጉባኤው በየሴሚስተሩ አንድ ምሽት ለነርሲንግ ተማሪዎች ይስጥ። ብዙ ዓመት ዋርድ የሠራች አንዲት ሲስተርና አንድ የንስሐ አባት ጎን ለጎን ይቀመጡ። ስለ ጾምና ኢንሱሊን፣ ስለ ጸበልና ክኒን፣ አስታማሚ ስለሌለው በሽተኛ ይነጋገሩ፤ ተማሪውም ይጠይቅ። ፌሎሺፑም የራሱን ሰዎች ይጋብዝ። ወጪው ሻይና ዳቦ ነው። የዘንድሮው ከዐቢይ ጾም በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ኢንሱሊን የሚወጉት እናት ጉዳይ የሚመጣው ያኔ ነው።