10 ደቂቃ የተነፈገው ቃኘው

ሰሞኑን ቃኘው በተባለው የኢትዮጵያ ጦር ወደ ኮርያ ጦርነት ለዘመቱት በተዘጋጀ አንድ መታሰቢያ ላይ የወደቁት ስማቸው ይነበብ ሲባል፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ጊዜ የለም፣ ቁጥራቸው ከተነገረ ይበቃል ብለው ነገሩን ዘጉት። ጊዜ! እስቲ እናስላው። ማዕረግና ስም ከነአባት፣ ለአንድ ሰው 5 ሰከንድ። የወደቁት 121 ናቸው ቢባል፣ 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው። የክብር እንግዶችን ሹመት ደርድሮ ለመጥራት ከዚህ በላይ ሲፈጅ ማን ሰዓቱን አየ?

ደግሞስ የትኛው ቁጥር ነው የሚበቃው? አንዱ መዝገብ 121 ይላል፣ ሌላው 122። በሁለቱ መካከል የጠፋው እኮ ሰው ነው። የሚገኘውም ስም በስም በማመሳከር ብቻ ነው።

ማመሳከሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ዋናው ወጥመድ የዘመን ቁጥር ነው። ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ቡሳን ገባ፤ ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። «ዓ.ም.» የምትለዋን ዘንግቶ የገለበጠ ጸሐፊ ለውጭ አንባቢ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አስረከበው። የባሰው 1953 ነው። ቃኘው የተውጣጣው ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ ከክብር ዘበኛ ነው። «የክብር ዘበኛ ባልደረባ፣ በ1953 የሞተ» የሚል መስመር ቢገጥማችሁ ሰውየው የት ወደቀ ትላላችሁ? እ.ኤ.አ. ከሆነ በ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጋ ኮርያ ውስጥ ነው። ዓ.ም. ከሆነ ክብር ዘበኛ ንጉሡን ለመገልበጥ በሞከረበት በታኅሣሡ ግርግር፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ጦሩ ያው፣ ቁጥሩ ያው፤ አንዱ ግን ሐውልት የቆመለት ዘማች፣ ሌላው በዘመኑ መንግሥት ዓይን ዐመፀኛ። ሁለት ሦስት ፊደል ጎድላ ሰው አገርም ታሪክም ይቀየርበታል። ከቁጥር በላይ አያስፈልግም የሚሉን ሰዎች፣ ቁጥሩንም ቢሆን የማን ዘመን እንደሆነ ይንገሩን።

ስሙም ጣጣ አለው። «ገብረ ሥላሴ አየለ» የተባለን ወታደር በላቲን ፊደል መዝግባችሁ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አምጡት፦ ገብረ ስሙ፣ ሥላሴ አባቱ ይሆናል፤ አየለ ሜዳ ይቀራል። የልጅ ልጁ መጥቶ «አየለ»ን ቢፈልግ የለም። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ይበጅ፦ ማዕረግ፣ ስም እስከ አያት በግዕዝ ፊደል፣ ስንተኛው ቃኘው (ጦሩ በዙር ነበር የሚላከው)፣ የወደቀበት ቦታ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። ያልተረጋገጠው ክፍት ይተው እንጂ በግምት አይሞላ።

ቁጥሩ እንኳ መነገሩ ከዝምታ ይሻላል፣ እሺ። ግን ይህ ምርኮኛ አልሰጠም እያልን የምንኮራበት ጦር ነው። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም፤ አፅማቸው አገሩ ገብቶ ቅድስት ሥላሴ አርፏል። አፅሙን ባሕር አሻግረን አምጥተን ስሙን መድረክ ላይ ማውጣት ከበደን?

ለሚቀጥለው ዓመት አንባቢ አሁኑኑ ይመረጥ፣ ዝርዝሩ ከሳምንት በፊት ይድረሰው፣ ጮክ ብሎ ይለማመደው። ስሙ ከንግግሮቹ በፊት ይነበብ፤ ሰዓት ካነሰ ከንግግሩ ይቆረጥ።