ለየዲፓርትመንቱ አንዳንድ ሰርቨር፣ እሰይ!

የደሴና የኮምቦልቻን ተመራማሪ የማያደንቅ ሰው ካለ ምቀኛ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሌላው አለም ዳታውን አንድ ቦታ አጭቆ ሲተፋፈግ የኛ ሰው ማሻ አላህ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ዳታ የሚያስቀምጥበት የራሱ ሰርቨር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው የራሱ ዩፒኤስ፣ የራሱ ኤሲ አለው፣ በሩ ላይ «ዳታ ሴንተር» የሚል የራሱ ወረቀት ለጥፏል፣ ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሰውየው ፊልድ ወጥቷል።

ለምን ስትሉ መልሱ አንድ ነው፣ «የኛ ፊልድ ይለያል»። ይሄን ያለው የመጀመሪያው ሰው ፒያሳ ላይ ሀውልት ይቁምለት። የጤናው ሰው ይለያል ይላል፣ የአፈሩ ሰው ይለያል ይላል፣ የጨርቃጨርቁ ኢንጂነርማ ከጤናዎቹ ጋር አንድ ሰርቨር ተጠቀም ቢባል የክሩን ልኬት ወባ የሚይዘው ነው የሚመስለው። ዲስክ እኮ ወባና ክር አይለይም፣ ፓስወርድም ባክአፕም አይለይም፣ ግን ይሄን በስብሰባ ላይ መናገር ነውር ነው። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ግብር ባበሉበት በደሴ ከተማ ሁለት የኤክሴል ፋይል አንድ ጣራ ስር ማደር አቃታቸው፣ መሰልጠን እንዲህ ነው እንግዲህ።

ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። ጄኔቫ ያለው ሰርን 27 ኪሎሜትር የከርሰ ምድር ዋሻ ውስጥ ቅንጣት ከቅንጣት የሚያጋጭ ተቋም ነው፣ «የኛ ይለያል» ለማለት እሱን የሚያህል መብት ያለው ማን አለ? እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዜኖዶ የሚባል የኢንተርኔት የጥናት ዳታ ማስቀመጫ ከፍቶ የታሪክ ሰውም የአፈር ሰውም በነጻ ግቡ አለ፣ አንዱ መዝገብ እስከ 50 ጊጋ፣ ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ መለያ ቁጥር ሁሉ እየሰጠ። ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም! ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በየሙያው የጥናት ዳታ የሚያደራጅ 26 ህብረት ሲያቋቁሙ እነዚህስ እኛን መሰሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኋላ በ2023 ሎግኢኑን፣ መለያ ቁጥሩን ምናምኑን ለሁሉም በጋራ እንስራው ብለው አሳፈሩኝ።

እዚሁ አገር ቤትም ናድሬ የሚባል ብሔራዊ ማስቀመጫ አለ፣ በዛው በዜኖዶ ሶፍትዌር የተሰራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፖሊሲም በመንግስት ገንዘብ የተሰራ ጥናት እዛ ይግባ ይላል። ይበል። የኛ ሰው ፖሊሲ ያከብራል፣ አውደ ጥናቱ ላይ ያጨበጭባል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዛ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ይወጣል።

ፍላሽ ካልኩ አይቀር ሁለቱን ከተማ የሚያገናኘው ኔትወርካችንም ይመስገን። ፋይል ኮምቦልቻ ላይ ካለና ደሴ ከተፈለገ ፍላሹ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ቫይረሱን ይዞ በሰላም ይገባል። ለቫይረሱ ታሪፍ አይጠየቅም።

አሁን የምሬን ላወድሳቸው። የምር የሚለያይ ነገር አለ እኮ። የጂን ሴክዌንስ (የዘረመል ቅደም ተከተል) የራሱ ቤት አለው፣ ጄንባንክ ይባላል፣ ከአውሮፓና ከጃፓን አቻዎቹ ጋር በየቀኑ ይለዋወጣል፣ የእፅዋትና የእንስሳት መዝገብ ደግሞ ጂቢፍ የሚባል ዓለም አቀፍ የዝርያዎች መዝገብ ላይ ዳርዊን ኮር በሚባል ስታንዳርድ፣ ዝርያው የት መቼ እንደተገኘ ተጽፎ ነው የሚገባው፣ የታማሚ መረጃ ማንነቱ እንዳይታወቅ ተጠንቅቆ የሚይዘው ባለሙያ ይፈልጋል። ማለትም «የኛ ይለያል» የሚባልበት ትክክለኛው ቦታ እዚህ ጋ ነበር። የኛ ሰው ግን እዚህ ጋ ሲደርስ ድንገት የአንድነት ሰባኪ ሆኖ ቁጭ! ለወባ ናሙናውም፣ ለጥጡም፣ ለቦርከና ውሃም ያው አንድ ኤክሴል፣ «ተ.ቁ፣ ቀን፣ ውጤት፣ ምርመራ»፣ በቃ። ውጤቱ በግራም ይሁን በሚሊግራም አይጻፍም፣ አንዱ ኮለም «ቫ3» ይባላል፣ ቫ3 ምን እንደሆነ የሚያውቀው የማስተርስ ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፣ ስልኩም አይሰራም። ብረቱን ለያይቶ ሙያውን መጨፍለቅ፣ ይሄን ጥበብ ጀርመን ገና 26 ህብረት ቢጨምር አይደርስበትም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተማ ሲያገኛቸው ስንት ቢሮ ተዘረፈ፣ ኮምፒውተሩ ከነሆዱ ሄደ (እዚህ ጋ ሽሙጡም ያንቃል)። ኮፒው ሌላ ቦታ ያለው ሰው ቢያንስ ስራውን አተረፈ፣ ሌላው የአመታት ዳታው ከብረቱ ጋር ቀረ። ከዛስ? ከዛማ ተማርን፣ አዲስ ሰርቨር ገዛን፣ እዛው ክፍል፣ ቁልፉም እንደድሮው አንድ ሰው ጋ።

ሰሞኑን የሰማሁት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የእንስሳት ጤናዎቹ የበግና የፍየል ዳታ አንድ ሰርቨር ላይ መቀመጡ ሳይንሳዊ አይደለም ብለው ኮሚቴ አቋቁመዋል አሉ፣ ጥናቱ ገና ነው፣ አበሉ ግን ጸድቋል።