ያ ሳቃችሁ አልወጣልኝም

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ቃሌ ከመረራችሁ ቻሉት።

አንድ አንጋፋ የመምህራን ማሠልጠኛ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። አዳራሹ ጢም ብሏል። የመድረክ መሪው የድሮ መምህራንን በየትምህርት ክፍላቸው እየጠራ ያስነሳል። ሳይንስ ሲባል ጭብጨባው ቤቱን ነቀነቀው። እንግሊዝኛ ሲባልም እንደዚያው። "አማርኛ!" ሲል ግን ከኋላ አንዱ "ተረት ተረት!" ብሎ ጮኸ። ግማሹ አዳራሽ "የላም በረት!" ብሎ ተቀበለው። የቆሙት ሁለት አረጋውያን አብረው ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ቀጥሎ "እጅ ሥራ" ተባለ። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። በዚያ ግቢ አናጺነት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሪው ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ "ጋሼ፣ የቤቴ በር አልዘጋ ብሎኛል፣ ሲወጡ ብቅ ይበሉልኝ!" አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው የሚናገሩት ነበራቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ማይክ ያቀበላቸው ግን የለም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። መሪውም ወደ ሂሳብ ክፍል አለፈ።

መሪውስ ልጅ ነው፣ ቀልድ መስሎት ነው። የሳቃችሁት ግን መምህራን ናችሁ። ነገ ክፍል ገብታችሁ "ሥራ ክቡር ነው" ብላችሁ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት እናንተው ናችሁ! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ስድቡን ወደ ቀልድ አዞርነው እንጂ አልተውነውም።

የአማርኛና የእጅ ሥራ ክፍሎች እኮ ማስጌጫ አልነበሩም። የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ አበባ ሲከፈት አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና መውጣቷ ነበር። አስተማሪ የለም። በኋላ ሐረር ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የደብረ ብርሃኑ ለገጠር ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ነበር የሚያዘጋጀው። ስለዚህ ሠልጣኙ ከፊደል ማስተማር ጋር እርሻም፣ ጤና አጠባበቅም፣ እጅ ሥራም ይማራል። ወንበር የሌለበት ቦታ የተላከ መምህር ወንበሩን ራሱ ቢሠራው ነው።

የቋንቋውም ነገር ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ ሂሳቡንና ሳይንሱን ልጅ በሚገባው ቃል የሚያስረዳ መምህር ያስፈልግ ነበር። (አማርኛ አፉን ያልፈታበት ልጅ ያኔ ብዙ ተጎድቷል። እሱ ራሱን የቻለ ቁስል ነው።) ዛሬ በየቋንቋው ማስተማር ተፈቀደ፣ ንቀቱ ግን አብሮ ተዛመተ። አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ልታስተምር የምትሠለጥን ልጅ "ሌላ አልደረሰሽም እንዴ?" ትባላለች። ከዚያ ደግሞ ልጆቻችን ማንበብ አቃታቸው ብለን እናለቅሳለን። ማን ያስተምርልን? ያዋረድነው ሰው?

እኔን የሚያሳዝነኝ ሽማግሌው ምን ሊሉ እንደነበር አለማወቄ ነው። ምናልባት ምስጋና ነበር። ምናልባት የሞቱ ባልደረቦቻቸውን ስም ሊጠሩ ነበር። በቃ፣ አመለጠን።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ብዙ አልለምንም። ልጃችሁ መምህራን ኮሌጅ ገብታ "ቋንቋ ደረሰኝ" ብላ ስትደውል ድምፃችሁን አታቀዝቅዙባት። ወንድ ልጃችሁ መጋዝ ሲይዝ "ተማር ብለን ላክንህ እንጂ" አትበሉት። በዓልም ስታከብሩ ሽማግሌዎቹን አስቀድሙ፣ ማይኩንም ስጧቸው። ከአንድ ጽሑፍ ይህን ያህል እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ ስንቱ ተጽፎ ስንቱ ተረሳ። ሆኖም ከዚያ አዳራሽ ስወጣ አንዲት ወጣት መምህርት ሽማግሌውን በር ላይ አቁማ ስልክ ቁጥራቸውን ስትመዘግብ አይቻለሁ። ለተማሪዎቿ እንዲናገሩላት ትፈልግ ነበር። ደውላላቸው ይሆን?