የጉልበት ሕመም ተመራማሪ በምን ይመዘን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልም አጥንት እያለቀ የሚያመጣው ሕመም) ተመራማሪን በሳይቴሽን፣ ማለትም ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን በጠቀሱት ብዛት፣ መመዘን ይገባል? ይገባል ባዩ አራት ኪሎ አካባቢ የምርምር መረጃ ባለሙያ ነው። አይገባም ባይዋ ልደታ አካባቢ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት።

ይገባል ባይ

እገሌ ትልቅ ተመራማሪ ነው ሲሉኝ፣ «ማን ተጠቀመበት?» ብዬ እጠይቃለሁ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲውን ሐኪም ዴቪድ ፌልሰንን እንውሰድ። ውፍረት ነው ጉልበትን የሚጎዳው ወይስ ጉልበቱን ያመመው ሰው መንቀሳቀስ ስለሚያቅተው ነው የሚወፍረው የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክር ነበር። ፌልሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ከ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ የተመዘገበውን የነዋሪዎች ክብደት፣ በ1980ዎቹ ከተነሱት የጉልበት ራጅ ጋር አስተያዩ። ውፍረቱ ቀድሞ ተገኘ፤ ይህንንም በ1988 አሳተሙ። በ1992 ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ 5 ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች፣ የሚያሳምም የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ እንደሚወርድ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ክብደትና ጉልበት የሚጽፉ ብዙዎች እነዚህን ሥራዎች ይጠቅሳሉ። ያ ሁሉ ሰው የጠቀሰው ሥራው ስላስፈለገው ነው።

ደግሞስ ቁጥሩን ብናወጣው በምትኩ የሚገባው ምንድን ነው? ትውውቅ ነው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ፊት የቀረበ ወጣት «የማን ተማሪ ነህ?» ከሚባል «ሥራህን ስንት ሰው ጠቀሰው?» ቢባል ይሻለዋል።

አይገባም ባይ

ወንድሜ፣ ትውውቅን መጥላትዎን እጋራለሁ። ነገር ግን የሚቆጥሩት ወረቀት ወረቀትን ሲጠቅስ ነው፤ ጉልበቷን ይዛ እኔ ዘንድ የመጣች እናት እዚያ ቆጠራ ውስጥ የለችም።

ጆናስ ኬልግሬንና ጆን ሎውረንስ በ1957 ራጅ ላይ የሚታየውን ጉዳት ከ0 እስከ 4 የሚከፍል መለኪያ አሳተሙ። እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎችም ተጠቅሷል። ከጠቃሾቹ መካከል ግን የራጁ ደረጃና የሕመሙ ብርታት ብዙ ጊዜ እንደማይገጣጠሙ የሚናገሩም አሉ። እኔም በየሳምንቱ አያለሁ። ራጇ ቀላል የሆነ ሴት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውጣት አቅቷት ታለቅሳለች፣ ልም አጥንቱ ያለቀ ሽማግሌ ደግሞ ከመርካቶ በእግሩ ይመጣል። ቆጠራው ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም።

ኤች ኢንዴክስ የሚሉትማ ይብሳል። ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሰው በ2005 ያቀረበው ነው። 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 20 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በዕድሜው ያንን የ1957ቱን ጽሑፍ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 1 ይሆን ነበር። አንድ!

ይገባል ባይ

እህቴ፣ ኤች ኢንዴክስ ብቻውን ይበቃል አላልኩም። ወቀሳም ቢሆን ግን ሳይንስን ያራምዳል፤ መለኪያው ባይኖር ኖሮ ሕመሙና ራጁ እንደማይገጣጠሙ በምን እናውቅ ነበር?

ከእኔ ሥራ አንድ እውነት ልጨምርልዎት፣ ክርክሬን ቢጎዳም። ቆጠራው በእኛ ስም ላይ ይሳሳታል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ መረጃ ቋቱ ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል። አንዱ ጆርናል የአያትን ስም ሲጨምር ሌላው ይተዋል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ይወጣል። ስለዚህ የአንዱ ሰው ሥራ ለሦስት ይበተናል፣ የአባታቸው ስም ከበደ የሆነ ብዙ ሰዎች ደግሞ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ አለ። ተመራማሪዎቻችን ሁሉ ቢያወጡት ብዙው ይስተካከላል። ሚዛኑ ተዛብቷል ተብሎ ይስተካከላል እንጂ አይጣልም።

አይገባም ባይ

የስሙን ነገር ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፣ አላውቀውም ነበር። ስሙ ቢስተካከልም ግን የእኔ ጥያቄ አይመለስም።

በ2002 ሂዩስተን ውስጥ 180 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጉልበትን በካሜራ እያዩ ማጠብና መጥረግ፣ ቆዳን ብቻ ቀድዶ እንደታከመ ከማስመሰል እንደማይሻል ታየ። በሰፊው የተጠቀሰ ጥናት ነው። ይሁንና የሚጠቅሱት ሲበዙ እንኳ ሕክምናው በአንድ ጊዜ አልቆመም።

በሑዳዴ አንዲት እናት «ልጄ፣ ስግደቱን ልተወው ወይስ ይጠቅመኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ናት። የፍራሚንግሃም ሴቶች ታሪክ ስለ ክብደቷ ይነግረኛል፤ መስገድና ዝቅ ብሎ መቀመጥ ጉልበቷን ምን እንደሚያደርገው ግን ከእነሱ አላገኝም። ይህን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ የሚያጠና ወጣት ሐኪም ቢገኝ፣ ቦስተን ያለ ማን ይጠቅሰዋል? ለደረጃ ዕድገት ሲቀርብስ ያ ኮሚቴዎ ምን ብሎ ይመዝነዋል?